አንቱ የተባልሁበት ዓመት

ፅጌረዳ ጣሰው የሰደበችኝ ባለፈው ኅዳር፣ እናቷን ቀብረን በተመለስንበት ቀን፣ በለቅሶው ድንኳን በር ላይ ነው። ያውም እጄን እያስታጠበችኝ። ውኃውን ስታፈስልኝ ቆይታ ቀና አለች፤ አየችኝ፤ ለየችኝ፤ ጆጉን ቀጥ አደረገችው።

«አንተ ደግሞ ዛሬ የማንን ነፍስ ልትሆን መጣህ?»

ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። ከኋላዬ ከተሰለፉት አንዱ ሳቀ። ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ስሙን አልጽፍም እንጂ፣ ለገና እህል ሊያስፈጭ ሲመጣ ከሰው ሁሉ ኋላ አድርጌዋለሁ።

እርጥብ እጄን በሱሪዬ ጠርጌ ገባሁና ተቀመጥሁ። ንፍሮ ቀረበልኝ። ሰው ሲሰደብ ወይ ይሳደባል ወይ ይሄዳል፤ እኔ ንፍሮ ቆረጠምሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አልቻልሁም። ወገዳ ውስጥ ተቀጥሬ ወፍጮ እፈጫለሁ፤ ሞተሩ ሲጮህ ከንፈሬ ይንቀሳቀሳል፤ ሰው የምጸልይ ይመስለዋል። ለፅጌረዳ መልስ እየሰጠሁ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ነበርሁ እኮ እላታለሁ። የሰባት ዓመት ልጅ ምን ይጠየቃል እላታለሁ። እሷ ግን ታውቅበታለች፤ በገዛ አፌ ትመልስልኛለች።

ትምህርቴ ሰባተኛ ክፍል ላይ የቆመ ነው። አጻጻፌ ላይ የሚስቅ ካለ ይሳቅ። እኔ ካላወጣሁት አይወጣልኝም።

ልጅ ሳለሁ ሁለት ሰው ነበርሁ።

አንዱ ምንይችል መልካሙ ነው፤ አፍንጫው የማይደርቅ፣ እናቱ እሱን ወልዳ የሞተችበት፣ የአባቱ እኅት ውባለም በጋቢዋ ሥር ያሳደገችው። ሌላው ወንዝ ውስጥ የቆመ ሰው ነው። ውኃው ደረቱ ድረስ ሞልቷል፤ ቀይ ነው፤ ቅጠልና እንጨት ይዞ ይወርዳል። ጀርባው ላይ ሴት አዝሏል። የሴቲቱ ጣቶች አንገቱን አንቀውታል፤ ትሳቅ ታልቅስ አይለይም። ድንጋዩ ከእግሩ ሥር ሲንከባለል ይሰማኛል። ይህን በሕልሜ አላየሁትም። የቤታችን በር በየት በኩል እንደሆነ እንደማውቀው ነበር የማውቀው። ሰው ሁሉ ከመወለዱ በፊት የነበረውን የሚያስታውስ ይመስለኝ ስለነበር ለማንም አልተናገርሁም።

የተናገርሁት እትዬ ሰርኬ ቤት ነው። የጽዋ ማኅበር ነበር፤ አክስቴ ውባለም ይዛኝ ሄደች። እትዬ ሰርኬ ባሏ ጣሰው ለሰሊጥ አጨዳ ሁመራ ወርዶ፣ በወባ ሞቶ፣ እዚያው የተቀበረባት ሴት ናት። መርዶውን ሰማች እንጂ ሬሳውን አላየችም። እንዲህ ያለች ሴት በሩ በተንኳኳ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ይህን ያኔ አላውቅም፤ አሁን አውቃለሁ።

ጎንበስ ብላ ቁራሽ ዳቦ ስትሰጠኝ ነጠላዋ ተንሸራተተ። ከጆሮዋ ጀርባ ጠባሳ አየሁ።

«ይሄ ላሟ ስትወጋሽ እፍ ያልሁልሽ ነው» አልኋት።

«ምን አልህ አንተ?»

«እፍ አልሁልሽና ዳነ። ወንዙንም አዝዬ አሻግሬሻለሁ።»

ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። አንዷ «በስመ አብ» ብላ አማተበች። እትዬ ሰርኬ እኔ ፊት በጉልበቷ ወረደች፤ ትንፋሿ ፊቴ ላይ ነበር፤ ጌሾ ጌሾ ይል ነበር። አክስቴን ዞር ብዬ ባያት እጇን አፏ ላይ ጭናለች። ኩራት መሰለኝ።

«ማነው ስምህ?» አለችኝ እትዬ ሰርኬ፤ ቀስ ብላ፣ የተኛ ሰው እንደምትቀሰቅስ።

ያ ሁሉ ዓይን እኔ ላይ ነው። እስከዚያ ቀን ማንም እንዲያ ትክ ብሎ አይቶኝ አያውቅም።

«ጣሰው» አልሁ።

ወንዙን ማንም ይንገረኝ ማን፣ ይህቺን ቃል ግን ማንም አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ አንቱ ሆንሁ። የሰባት ዓመት ልጅ! እትዬ ሰርኬ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፋ «ይቀመጡ» ትለኛለች። ጠላው ሲወጣ «ይቅመሱልኝ» ትላለች፤ ከአፏ ሳይወጣ ደግሞ «ልጅ ነው እኮ» ብላ ራሷን ትታዘባለች፤ ከዚያ እርጎ ይመጣል። እርጎውን የምታመጣው ፅጌረዳ ናት። ከእኔ በሦስት ዓመት ትበልጣለች፤ ቀጭን ነበረች፤ ጉልበቷ ሁልጊዜ አመድ ነበር።

«አቅርቢላቸው እንጂ!»

«ለማን?»

«ለአባትሽ!»

ጽዋውን ይዛ ትመጣለች፤ እንደ ሥርዓቱ በሁለት እጇ ይዛ ጎንበስ ትላለች። ጎንበስ ስትል ታዲያ በጆሮዬ «ንፍጥህን ጥረግ፣ አባዬ» ትለኛለች። እናቷ አትሰማም። እኔም ጠርጌ እጠጣለሁ።

ይህን ከመጀመሪያዎቹ ስድቦቼ ጋር ቆጥሬው ኖሬያለሁ። የሷን ጉልበት ግን አልቆጠርሁም። እርጎው የማን ድርሻ እንደነበር ለመጠየቅ ሠላሳ ዓመት ፈጀብኝ።

አባቴ መልካሙ ነገሩን የሰማ ዕለት ሳቀ፤ ከዚያ ሳቁን ተወና አየኝ። አባቴ የእትዬ ሰርኬን መሬት ያርስላት ነበር፤ ምርቱን እኩል ይካፈላሉ። ጥሩ መሬት ነው፤ ገብሱም ስንዴውም ይበቅልበታል። ያን ዕለት ማታ እሱና አክስቴ ሲነጋገሩ በጋቢው ቀዳዳ እሰማለሁ።

«መልካሙ፣ ይሄ የኔ ነው። ከኔ ነው የወሰደው። ነገ ሄጄ እነግራታለሁ።»

«ምን ብለሽ ልትነግሪያት? ደስ ያላትን ሴት ልታስለቅሺ?»

«ኋላ የባሰ ታለቅሳለች።»

«አንቺ ሰው ማስለቀስ ለምዶብሻል፤ ዝም በይ።»

አክስቴ ውባለም በአገሩ የታወቀች አልቃሽ ነበረች። ለቅሶ ቤት ስትገባ ዝም ያለው ሁሉ ያለቅሳል። እኔም የገባኝ እንዲህ ነበር፦ ሰው ሁሉ የሷን ቃል ትቶ የኔን ቃል እያወራ ነው፤ ስለዚህ ቀንታለች። በሰባት ዓመቴ አክስቴን ታዘብኋት። ጀርባዬን ሰጥቻት ተኛሁ።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ገብረ ሚካኤል መጣ። የእስቴ ሰው ነው፤ ሚስቱ የሞተችበት፤ አንድ እግሩን ሳብ አድርጎ የሚራመድ። ንግግር አያበዛም። አንድ ቀን የእትዬ ሰርኬ አጥር ወድቆ አገኘና ማንም ሳያዘው አቁሞት ሄደ። በሌላ ጊዜ ለፅጌረዳ ደብተር ይዞላት መጣ። ፅጌረዳ ደብተሩን አሽትታ አሽትታ ደረቷ ላይ አስተኛችው። ትምህርት ቤት ልትገባ ነበር፤ እንጀራ አባት ከመጣ የምትጠብቀው ከብት ወደ እሱ ይዞራል፤ እሷ ትለቀቃለች። ይህ ሁሉ በኔ ፊት ነው የተባለው፤ እኔ ግን የሰማሁት ሌላ ነገር ነው።

እትዬ ሰርኬ «ይቀመጡ» ብላኝ መደቡ ላይ ስወጣ ገብረ ሚካኤል አየኝ። ፊቱ አልከፋም። እንዲያውም ፈገግ አለ።

«አንተ ልጅ፣ ከዚህ ከአዋቂ መሀል ምን ትሠራለህ? ሂድ ከጓደኞችህ ጋር ተጫወት» አለኝ።

ልጅ አለኝ። አንተ አለኝ። እትዬ ሰርኬ ደንግጣ «እሳቸው እኮ...» ብላ ጀመረችና አፈረች፤ ሳትጨርሰው ወደ ጓዳ ገባች። ጆሮዬ ጋለ። ወጣሁ፤ ግን አልተጫወትሁም። ያቆመውን አጥር አንድ አንድ እንጨት እየነቀልሁ ጣልሁት።

ዛሬ ሳስበው፣ በዚያ ዓመት እንደ ልጅ ያየኝ እሱ ብቻ ነበር። በደል ብዬ የያዝሁበት ነገር ይህ ነው።

ሽማግሌዎቹ የተላኩት ከጥቂት ሳምንት በኋላ ነው። ያን ዕለት ጠዋት አባቴ ትከሻው ላይ አወጣኝ። አባቴ እኔን ትከሻው ላይ አውጥቶ አያውቅም፤ እናቴን የገደልሁ ያህል ነበር የሚያየኝ። ጠጉሩ ላይ እጄን አሳርፌ፣ የእህላችንን ራስ ከላይ እያየሁ፣ ወደ እትዬ ሰርኬ ቤት ሄድን።

«እንግዲህ ጣሰው ጓደኛዬ ነበር» አለኝ መንገድ ላይ። «ጣሰው ሚስቱ ሌላ ወንድ ስታገባ ቢያይ ምን ይል ይመስልሃል?»

«ይከፋዋል።»

«ይከፋዋል ብቻ?»

ለጓደኛው ያዘነ መሰለኝ። አባቴ ስለ ጣሰው ሲል እኔን ወደደኝ፤ እኔም ስለ አባቴ ስል ጣሰውን ሆንሁ። አባቴ ያን ጠዋት የተሸከመው እርሻውን ነበር። ገብረ ሚካኤል ከገባ የራሱ በሬና የራሱ ጉልበት አለው፤ እኩል አራሽ አያስፈልገውም። ይህን ካወቅሁ ቆይቷል፤ የትከሻው ሙቀት ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

ሽማግሌዎቹ ከበሩ ፊት ቆመዋል። ዋናው ቄስ ገብረ ሕይወት ናቸው፤ የእትዬ ሰርኬ የንስሐ አባት። ገብረ ሚካኤል ራቅ ብሎ አህያውን ይዞ ቆሟል፤ ነጭ ለብሷል፤ ወደ መሬት ያያል። ቄሱ ነገሩን በሥርዓቱ አቀረቡ፤ ሰውየው ደህና ሰው መሆኑን፣ ሴት ብቻዋን ክረምት እንደማይገፋላት። እትዬ ሰርኬ አንገቷን ደፍታ ሰማች። እኔ ዛሬ እምላለሁ፣ ልትቀበል ነበር። ፀጉሯን ተሠርታለች፤ እጅጌው ጥልፍ የሆነ ቀሚሷን ለብሳለች። ከዚያ ቀና ስትል እኔን አየችኝ።

«አባ፣ እሳቸውን ሳልጠይቅ አልችልም» አለች።

«ማንን?»

ወደ እኔ ጠቆመች። ቄሱ ግንባራቸውን ቋጠሩ።

«ሰርኬ፣ ልጄ፣ ተይ። ነፍስ ከሥጋዋ ስትለይ ወደ ፈጣሪዋ ትሄዳለች እንጂ ጎረቤት አትገባም።»

ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ላይ የሳቁ መሰለኝ። እትዬ ሰርኬ አልሳቀችም። እኔ ፊት ቁጭ ብላ ሁለት እጄን ያዘች።

«ይፍቀዱልኝ? ላግባ?»

አክስቴ ውባለም ከአጥሩ ውጪ ቆማ ነበር። «ምንይችል!» ብላ ጮኸች፤ በስሜ። ዞሬ አየኋት፤ ራሷን ትነቀንቃለች። አባቴን አየሁት፤ ከንፈሩን በምላሱ አርሶ ይጠብቃል። ከአባቴ ጎን ፅጌረዳ ደብተሯን ታቅፋ ቆማለች፤ ያን ዕለት አባዬ አላለችኝም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ትለምነኝ እንደነበር ዓይኗ ላይ አየሁ። አይቻለሁ። ልጅ ነበርሁ ስል ይህን ነው የማልፈው። ከዚያ ገብረ ሚካኤልን አየሁ፤ አንተ ልጅ ያለኝን።

«ካገባሽ ደግሜ እሞታለሁ» አልሁ።

እጄን ለቀቀችው። ተነሣች። ቀሚሷን አራገፈች። «ሰምታችኋል» አለቻቸው ለሽማግሌዎቹ። ቄሱ ብዙ ተናገሩ፤ ተቆጡም፤ ጠበል ይረጭ አሉ፤ እሷ ግን ጀርባዋን ሰጥታቸው ወደ ቤት ገባች። ገብረ ሚካኤል አህያውን መለሰ። የሚጎተት እግሩ አቧራው ላይ መስመር እየሠራ ወረደ፤ ዞሮ አላየም። አባቴ ጉንጬን ሳመኝ። ወደ ቤት ስንመለስ ትከሻው ላይ ያወጣኝ እንደሆነ ብዬ ቆሜ ጠበቅሁት፤ ቀድሞኝ ሄደ።

አክስቴ ከዚያ ወዲያ ለቅሶ ቤት ሄዳ አላለቀሰችም። ሊጠሯት ሲመጡ «ድምፄ ሄዷል» ትላቸው ነበር። ብርድ የመታት መስሎኝ ነበር።

የተረዳሁት እዚሁ ወፍጮ ቤት ነው፤ አክስቴ ከሞተች ከብዙ ዓመት በኋላ። አንዲት አሮጊት ዱቄቷን እየጠበቀች ለራሷ ታንጎራጉራለች። ሞተሩን ለዘይት አጥፍቼው ስለነበር ሰማኋት፦

ወንዙ ደረት ሲደርስ ሚስቴን ያዘልሁ፣
ዛሬ ማን አሻግሮኝ ባሻገር ዋልሁ?
ቁስሏን በትንፋሼ እፍ ብዬ ያሻርሁ፣
ትንፋሼን የት ጥዬ ሁመራ ላይ ቀረሁ?

«እማማ፣ ይሄን ከየት አመጡት?»

«የጣሰው ሙሾ ነው እኮ። የውባለም። ያኔ ያላለቀሰ ድንጋይ የለም።»

የዘይቱን ጣሳ ይዤ ቆምሁ። አልቃሽ ባዶ አፏን ለቅሶ አትሄድም። አክስቴ አስቀድማ የሟቹን ቤት ትዞራለች፤ ምን ይወድ ነበር፣ ለሚስቱ ምን አደረገላት፣ በሬው ማን ይባላል ብላ ትለቃቅማለች። ከዚያ ማታ ጋቢ ውስጥ ሆና፣ ጭኗን በጣቷ እየመታች፣ ቃሉ እስኪገጥም ታጉረመርማለች። አንዳንዴም ሟቹን ሆና ነው የምትገጥመው። እኔ ያኔ ሦስት ዓመት ቢሆነኝ ነው፤ ጣሰው ሲሞት ተወልጄ እንደነበር ኋላ ማንም አልቆጠረውም፤ ጀርባዋ ላይ ተለጥፌ እተኛለሁ። በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ በጀርባዋ አጥንት በኩል ነው የገባብኝ። አክስቴ ለጣሰው ለቅሶ የሰበሰበችው ሕይወት እኔ ውስጥ ተቀመጠ። ባለቤቱ የሌለበት ቤት አግኝቼ ገባሁበት።

ይህን ካወቅሁ ያርፍልኛል ብዬ ነበር። አላረፈልኝም። አባቴን ስንቀብር የለበስሁትን አላስታውስም፤ የጣሰውን ወንዝ ግን አሁንም ድንጋዩን በእግሬ እለየዋለሁ። ቄሱ ነፍስ ጎረቤት አትገባም ብለዋል፤ አምናለሁ፤ ቆራቢ ነኝ። ትዝታስ? ትዝታ የነፍስ ካልሆነ የማን ነው? ፍርድ ቀን ስሜ ሲጠራ ስለየትኛው ሕይወት ነው የምጠየቀው? ስለ ጣሰው መልካምነት አልመሰገንም። «ደግሜ እሞታለሁ» ያለው ግን ጣሰው አይደለም።

እትዬ ሰርኬ አላገባችም። እኔ አድጌ ጢም ሳወጣ እንኳ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ነጠላዋን አስተካክላ አንቱ ትለኝ ነበር፤ ልጆቹ «ባለቤትህ መጣች» እያሉ ስለሚያላግጡብኝ መንገድ እቀይር ጀመር። ቤቷ ክረምት በመጣ ቁጥር ያፈስሳል ሲሉ እሰማ ነበር። ፅጌረዳ ከብት ጠብቃ፣ በልጅነቷ ተድራ፣ ፈትታ፣ መካነ ኢየሱስ ከተማ ገብታ ልብስ ትነግዳለች። ገብረ ሚካኤል እስቴ ላይ አግብቶ ወልዶ ከብዷል። ይህን ሁሉ ሰው ይነግረኛል፤ እኔ አልጠይቅም።

ፅጌረዳ ድንኳኑ በር ላይ ከሰደበችኝ በኋላ፣ የእናቷን አርባ ልታወጣ ሁለት ማዳበሪያ ስንዴ በአህያ ጭና ወፍጮ ቤት መጣች። ወገዳ ውስጥ ሌላ ወፍጮ አለ። ወደኔ መጣች።

ሰው ሞልቷል። ተራዋ ሲደርስ ስንዴውን ገለበጥሁ። ሞተሩ ስለሚጮህ ተጠግታ በጆሮዬ ነው የምትናገረው፤ ፊቷ ላይ ዱቄት አርፎ አሮጊት አስመስሏታል።

«እናቴ ነፍሷ ሊወጣ ሲል ጣሰውን ጥሩልኝ አለች» አለችኝ። «አንተን ነው። አልላክሁብህም።»

ስንዴውን በእጄ አመቻቸሁ።

«ባትልኪም እመጣ ነበር» አልኋት፤ ውሸቴን ነው።

«ዝም በል። እኔ አላምንም። አንድም ቀን አላመንሁም።» እጄን ያዘች፤ ጠበቅ አድርጋ። «ግን አባቴ ሁመራ ሲወርድ በር ላይ አንሥቶ አቀፈኝ። በጆሮዬ አንድ ነገር አለኝ። ለእናቴ አልነገርሁም። አክስትህ መጥታ ስትጠይቀን ለሷም አልነገርሁም፤ የኔ ብቻ ይሁን ብዬ። ማንም አልገጠመውም። ምን ነበር ያለኝ?»

አየኋት። አታላግጥም። ዓይኗ እንደዚያ ቀኑ ነው፤ ደብተሩን እንደታቀፈች።

ምላሴ ላይ አንድ ቃል መጣ። ከየት እንደመጣ አላውቅም። ማንኛውም አባት በር ላይ ለልጁ የሚለው ይሆናል፤ ወይም የሰው ፊት አይቶ የሚፈልገውን መስጠት የለመደ ሰው የፈጠረው ይሆናል። ወይም ሌላ። ብናገረውና ልክ ቢሆን የእናቷ ዕድሜ በከንቱ አላለቀም፤ እኔም አልዋሸሁም። ብናገረውና ባይሆን ደግሞ ለራሷ ያስቀረችው የመጨረሻው ነገር ላይ አፌን እከትበታለሁ። ቃሉ ጥርሴ ሥር ነበር። ጣፋጭ ነበር።

ሞተሩን አጠፋሁት። ጭጭ አለ። ተራ የሚጠብቁት ሴቶች ሁሉ ዞረው አዩን። ስንዴዋ ግማሹ ዱቄት ሆኗል፤ ግማሹ ከላይ እንዳለ ነው።

«ምነው ጠፋ? ናፍጣ አለቀ እንዴ?» አለች አንዷ።

ፅጌረዳ እጄን አልለቀቀችም። «አንድ ቃል ነው» አለችኝ፤ አሁን ሰው ሁሉ እየሰማ። «ቁርጡን ንገረኝ።»

ጣቶቿን ቀስ ብዬ አንድ በአንድ አላቀቅሁ። ማዳበሪያዎቹን ተራምጄ ወጣሁ።

«አታውቅም ማለት ነው? ምንይችል! አታውቅም?»

ፀሐዩ ዓይኔን ወጋኝ። አፌን እንደገጠምሁ ቁልቁል በገበያው መንገድ ሄድሁ።